ሳይሠራ የሚያረጅ መሣሪያ፦ በመጋዘን የሚቆይ ንብረት የዕድሜ ዘመን ወጪ

ድርቅ በሚደጋገምባቸው የምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ወረዳዎች ለክፉ ቀን ተብሎ በመጋዘን የሚቀመጥ የሞተር ውሃ ፓምፕ ወጪው በተገዛበት ዕለት ያበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመሣሪያ እርጅና በሠራበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በቆየበት ዘመንም ይለካል። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሞተር የጎማ ክፍሎቹ ይደርቃሉ፣ ኩሽኔታዎቹ በእርጥበት ይዝጋሉ፣ በውስጡ የቀረው ናፍጣ ይበላሻል፣ ባትሪውም ሳያገለግል ኃይሉን ያጣል። በተለመደው ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የተቀመጠ ባትሪና ሞቃታማ በሆነችው በሚኤሶ የተቀመጠው አብረው ቢገዙም አብረው አያረጁም፤ ለሁለቱ አንድ የእርጅና ምጣኔ መጠቀም ስሌቱን ከመነሻው ያዛባዋል።

ለማብራሪያ ያህል፣ በ400,000 ብር የተገዛ ፓምፕ ለ10 ዓመት ይቀመጥ እንበል። ለመጋዘን፣ ለጥበቃ፣ ለባትሪ ቅያሪና ለሙከራ በየዓመቱ መጨረሻ 25,000 ብር፣ በ10ኛው ዓመት ወደ ሥራ ለመመለስ ደግሞ 120,000 ብር ቢጠይቅ፣ በ10 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ የጠቅላላ ወጪው የአሁን ዋጋ 600,000 ብር ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ሳይስብ የግዢው ዋጋ ግማሽ ተጨመረበት ማለት ነው። ዓመታዊ ሙከራውን መሰረዝ ቁጠባ ሊመስል ይችላል። ሞተሩ በድርቅ ወቅት አልነሣ ካለ ግን ውሃ በቦቴ ማመላለስ ግድ ይሆናል፤ ይህ ወጪ ሊደርስ በሚችልበት ዕድል ተባዝቶ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው መሣሪያው የሚያገለግለው ሥርዓት ራሱ መለወጡ ነው። ለዚህ ሚኤሶ ቅርብ ምሳሌ አላት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መስመር በዚያው ያልፍ ነበር፤ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በሚኤሶ በኩል ያልፋል፤ ስፋቱ ግን 1.435 ሜትር ነው። በድሬዳዋ የቀሩት የድሮ ሎኮሞቲቮች ያለ አንዳች ጉድለት ቢጠበቁ እንኳ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። ቅርስነታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ለፓምፑም ጥያቄው ያው ነው። መለዋወጫው ከገበያ የሚጠፋው ከ10ኛው ዓመት በፊት ከሆነ፣ ለማስነሻ የተያዘው 120,000 ብር ትርጉም ያጣል። ስሌቱ በዚያ ዓመት ተቋርጦ፣ ፓምፑ ፈላጊ ሳያጣ ቢሸጥ ወይም ለሌላ ወረዳ ቢተላለፍ የሚያስገኘው ዋጋ ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባል።