ቀንበሩን የምትካፈል

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ማታ፣ ቀድሞ ያስተማርሁት ወጣት ሊጠይቀኝ መጣ። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል፤ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚበቃውን ያህል ደመወዝ ይቀበላል፤ ነገር ግን ልቡ ከከተማው ከወጣ ቈይቷል። ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ጎጃም ተመልሶ እያረሰ፣ ቀፎ እየሰቀለ፣ የሚበላውን በገዛ እጁ እያመረተ ለመኖር ቈርጧል። «አባቴ ከይዞታው ቈርሶ ይሰጠኛል፤ ለበሬ መግዣም ቈጥቤአለሁ፤ ያጣሁት አሳቤን የምትጋራ ሴት ነው» አለኝ።

ሁለት ሴቶችን አነጋግሮ ኖሯል። አንደኛዪቱ የከተማ ልጅ ናት፤ ነገሩን በደስታ ተቀበለችው፤ ነገር ግን የምታውቀው ገጠር የመስከረም ገጠር ነው፤ አደይ አበባ የፈነዳበት፣ እሸት የሚበላበት። ሁለተኛዪቱ እንደ እርሱ ከገጠር የወጣች ነርስ ስትሆን፣ አሳቡን በነገራት ጊዜ ሳቀችና «እኔ እኮ ከተማ የመጣሁት ከእንስራ ሸሽቼ ነው» አለችው። በዚህ መልስ ተቀይሟል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ ያየሁት በእርስዋ ነው።

አሳቡን ለማስረዳት የሁለት አሜሪካውያንን ታሪክ አወጋኝ፤ እኔም ቀደም ሲል አንብቤው ነበር። ስኮት ኒሪንግ ስለ አመለካከቱ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት የተሰናበተ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ ሔለንም ቫዮሊን ያጠናች ሴት ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ወጥተው በቨርሞንት ተራሮች መካከል ሰፈሩ፤ ቤታቸውን በድንጋይ ሠሩ፤ አትክልታቸውን አበቀሉ፤ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚፈሰውን ጣፋጭ ውኃ አፍልተው ሽሮፕ እያወጡ በመሸጥ ለልዩ ልዩ ወጪ የሚሆን ገንዘብ አገኙ። ቀኑንም ከፍለው ግማሹን ለእንጀራ ሥራ፣ ግማሹን ለንባብና ለሙዚቃ አደረጉት። በ1952 ወደ ሜን ተዛውረው እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስኮት በ1983 ሲሞት መቶ ዓመት ሞልቶት ነበር። ጋብቻቸውን በሕግ ያጸኑት ገና በ1947 ነውና በዚህ በኩል ለወጣቶቻችን አርአያ አድርጌ አላቀርባቸውም።

ወጣቱ ከዚህ ታሪክ የያዘው «አሳባቸው አንድ ነበረ» የሚለውን ነው። እኔ ያስተዋልሁት ሌላ ነው፤ ድንጋይ ሲነሣ ሔለንም ከዚያው ነበረች፤ ለንባብ የተተወውም ግማሽ ቀን ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለእርስዋም ነበር። በዚያ ላይ አብረው ልጅ አላሳደጉም።

ስለዚህ ወረቀት ሰጠሁትና «የምትኖረውን ኑሮ ሥራ ጻፍልኝ» አልሁት። የወንዱን ሥራ ቶሎ ጻፈ። የጤፍ መሬት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ እንደሚታረስ፣ በሐምሌ እንደሚዘራ፣ ከአረም በኋላም በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሚታጨድ አንዱንም አልዘነጋም፤ ሞፈርና ቀንበሩን፣ ድግርና ወገሉን ሳይቀር ቈጠረ። የሴቲቱን ሥራ ግን «ምግብ ማብሰልና ቤት መያዝ» ብሎ በአንድ መሥመር ጨረሰው።

እናቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ ትፈጭ ነበር፤ እኔ ዳዊት የደገምሁት የወፍጮዋን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ሲነጋ ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ጭራሮ፣ ከጭራሮ ወደ ምጣድ፣ ከምጣድ ምሳ ይዞ ወደ እርሻ፤ ማታም እንዝርት አለ። አባቴ በበዓል ቀን በሬውን ፈትቶ ያርፋል፤ የእንስራ በዓል ግን አልነበረም። ይህን አባቴን ለመንቀፍ አልተናገርሁትም፤ ደግ ሰው ነበር፤ አላየውም እንጂ።

ይኸው አባቴ አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበረው ከጎረቤቱ ጋራ ይቀናጅ ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው በተራ የሚያርሱበትን ይህን ልማድ፣ መቀናጆን፣ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለመቀናጆ የሚፈላለጉ ሰዎች «ስለ እርሻ ያለህ አሳብ ምንድር ነው?» ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠያየቁት የበሬው ቁመት ስንት እንደ ሆነ፣ የለመደው ቀኝ ነው ወይስ ግራ፣ ዝናብ ቢቀድም የማን መሬት አስቀድሞ እንደሚታረስ ነው። ቁመታቸው ያልተካከለ እንደ ሆነ ቀንበሩ ያዘነብልና ያንዱ ጫንቃ ይቈስላል።

የነርሷን ሣቅ እንደ እምቢታ ሳይሆን እንደ ጥያቄ እንዲቀበለው መከርሁት። ከእንስራ ሸሸሁ ያለች ሴት ከመሬት ሸሸሁ አላለችም። የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያው በአሸንዳ ወደ ማጠራቀሚያ ቢገባ፣ ጕድጓድ ከደጅ ቢቈፈር፣ እህሉ በሞተር ወፍጮ ቢፈጭ ምን ትል ይሆን? ራስን መቻል ማለት ሁሉን ነገር በእጅ መሥራት ነው የሚሉ አሉ፤ የማን እጅ እንደ ሆነ ግን አይናገሩም። ጨውን እንደ ሆነ አያቶቻችንም ከገበያ ይገዙ ነበር።

የመሬቱንም ነገር አነሣሁበት። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። እርሱ ከአባቱ የሚቀበለው ግን በእርሱ ስም ብቻ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ደመወዝዋን ትታ የምትመጣ ሴት የምትደክመው በማን መሬት ላይ ነው? ይህን ሳይነጋገሩ ለተክሊሉ ቀን መቍረጥ አይገባም አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተው።

በታኅሣሥ ስልክ ደወለልኝ። የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ በአባቱ ደጅ ጕድጓድ ሲቈፍር ሰንብቷል፤ በዘጠኝ ክንድ ላይ ቋጥኝ ገጥሞታል፤ ውኃ ገና የለም። ለነርሷም ደውሎ ነግሯት ነበር።

«ሳቀች?» አልሁት።

«አልሳቀችም፤ ስንት ክንድ ደረሰ ብላ ጠየቀችኝ» አለ።