ስማቸው ከፖስተሩ ላይ የማይገኝ፦ የፊልም ሠራተኞች ትውውቅ

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የሚለጠፉ ፖስተሮችን ልብ ብሎ ላየ፣ አንድ ስም ሦስት አራት ቦታ ተጽፎ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ደራሲው እሱ፣ ዳይሬክተሩ እሱ፣ ፕሮዲውሰሩ እሱ፣ አንዳንዴም መሪ ተዋናዩ ራሱ ነው። ተመልካች በበኩሉ ከፖስተሩ የሚያስታውሰው የተዋናዮቹን መልክ ነው። ሁሉንም ልሥራ በሚለው ሰውና መልኩ በሚታወቀው ተዋናይ መካከል ግን ብዙ ሙያተኞች አሉ፤ በትልልቅ ፊልሞች ቁጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። ሥራቸውን ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። በደንብ በተደራጀ የቀረጻ ቦታ ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መላሽ አለ፤ የሙያዎቹ ስም የሚለያየውም የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው።

ቀድሞ የሚመጣውም መጨረሻ የሚሄደውም ፕሮዲውሰሩ ነው። በእኛ ልማድ ፕሮዲውሰር ሲባል ከኪሱ ገንዘብ ያወጣ ሰው ይመስለናል። በሙያው ግን ዋናው ሥራ ገንዘቡን ማፈላለግና በአግባቡ ማዋል ነው። ፕሮዲውሰሩ ጽሑፉን ይመርጣል፣ መብቱን በውል ይገዛል፣ ዳይሬክተሩን ይቀጥራል፣ በጀቱን ይቆጣጠራል፣ ቀረጻው ሲያልቅም አከፋፋይ ይፈልጋል። ኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ከዕለት ተዕለቱ ሥራ ራቅ ብሎ በገንዘቡ፣ በስሙ ወይም በተሰሚነቱ ፊልሙን የሚደግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን «ድፍረት» እንውሰድ። ጽፎ ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሃሪ ነው፤ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ምህረት ማንደፍሮ ናት፤ አንጀሊና ጆሊ ደግሞ ኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲውሰሩ ሆና ስሟን አውሳዋለች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀው የፊልሙ ምረቃ የመብት ክርክር ተነሥቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የመብትና የውል ጉዳይ ለምን ራሱን የቻለ ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

ዳይሬክተሩ የሚመልሰው «ይህ ታሪክ እንዴት ይነገር?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምንስለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጮህ ሰው ነው፤ እውነቱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲመርጥ የሚውል ሰው ነው። ልጅቷ የምትለብሰው የትኛውን ቀሚስ ነው? በሩ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ? ቀና ብላ የምታየው ከመናገሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በዙሪያው ያሉት ሙያተኞች ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሱ ይበልጥ ያውቃሉ። ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ያለበት እሱ ነው።

ረዳት ዳይሬክተር የሚለው መጠሪያ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛው ረዳት ዳይሬክተር የዳይሬክተሩ የጥበብ ምክትል አይደለም፤ የጊዜ ጌታ ነው። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። አንድ ቤት በታሪኩ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ የሚታይ ከሆነ፣ ሦስቱም ትዕይንቶች በአንድ ሰሞን ይጠናቀቃሉ፤ ለቤቱ ኪራይ የሚከፈለው አንዴ ነውና። ጽሑፉን በየትዕይንቱ በትኖ፣ በቦታ፣ በተዋናይና በቀን ብርሃን እንደገና የሚያደራጀው ይህ ሰው ነው። በሙያው ልማድ አንድ ገጽ ጽሑፍ ወደ አንድ ደቂቃ ፊልም ይገመታል፤ ስለዚህ የቀኑ ሥራ የሚለካው በገጽ ነው። ነገ ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ መገኘት እንዳለበት የሚገልጸው ኮል ሺት የሚዘጋጀውም በሱ ክፍል ነው።

ተዋናዮቹን ፈልጎ የሚያገኘው የካስቲንግ ባለሙያው ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የመጀመሪያውን ኦስካር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ ለካስቲንግ የተለየ ዘርፍ ለማቋቋም የወሰነው ግን በ2024 ነው፤ ሙያው ምን ያህል ከዕይታ ርቆ እንደኖረ ይህ ብቻ ይናገራል። ትክክለኛ ምርጫ ምን እንደሚያመጣ ለማየት የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ ታሪኩን የተሸከመው ረድኤት አማረ የተባለ ልጅ ነው፤ አብራው የምትታየው በግ ናት። ልጁ ባያሳምን ኖሮ የቀሩት ሙያተኞች ድካም ሁሉ ከንቱ ነበር። ከመሪና ረዳት ተዋናዮች ሌላ፣ በገበያና በለቅሶ ትዕይንት ውስጥ የሚታዩ አጃቢዎችና በተዋናዩ ፈንታ ከፈረስ የሚወድቁ የስታንት ባለሙያዎችም የዚሁ ወገን ናቸው።

ካሜራው ዘንድ ያሉት ሰዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። ሲኒማቶግራፈሩ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ዲኦፒው፣ የሚወስነው የምስሉን መልክ ነው፤ የትኛው ሌንስ፣ ብርሃኑ ከየት፣ ጥላው ምን ያህል የሚለውን ይቆርጣል። በትልቅ ፊልም ካሜራውን በእጁ የሚይዘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ተዋናዩ ወደፊት በተራመደ ቁጥር ምስሉ እንዳይደበዝዝ ርቀቱን እየገመተ የሚያስተካክለው የፎከስ ሠራተኛ አለ፤ ጥሩ የሠራ እንደሆነ ማንም አያስተውለውም፤ ከሳተ ግን ሁሉም ያያል። የመብራቱን ክፍል የሚመራው ጋፈር ሲባል፣ ካሜራው የሚሄድበትን ሐዲድ የሚዘረጋውና ከባድ ዕቃ የሚያስረው ቡድን ግሪፕ ይባላል።

ድምፅ ቀራጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከካሜራው ርቆ፣ ጆሮውን ሸፍኖ ነው። ረጅሙን ዘንግ ከተዋናዮቹ አናት በላይ ዘርግቶ የሚይዘው ቡም ማን ግን እዚያው መሐል ነው፤ የማይክሮፎኑ ጫፍ በምስሉ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጥላውም ግድግዳ ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ ንግግሩን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ቀረጻ ሲጀመር ተራው እንዲህ ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ ጸጥታ ያስከብራል፤ ድምፅ ቀራጩ መሣሪያው መሥራቱን ያሳውቃል፤ ካሜራው ይነሣል፤ ከዚያ ክላፐር የያዘው ረዳት የትዕይንቱንና የሙከራውን ቁጥር ተናግሮ ጧ ያደርገዋል። ይህ ለወጉ የሚደረግ አይደለም። ምስልና ድምፅ በየራሳቸው መሣሪያ ስለሚቀረጹ፣ የክላፐሩ ሁለት እንጨቶች የገጠሙበት ምስልና የጧታው ድምፅ ኋላ ላይ አንድ ላይ ይገጣጠማሉ። «አክሽን» የሚለው የዳይሬክተሩ ቃል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሚታየውን ዓለም የሚሠሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ በጣውላና በቀለም ቤት ያቆማል፤ ወይም ያለውን ቤት የገጸ ባሕርዩ ያስመስለዋል። የአልባሳት ባለሙያዋ ጋቢው ምን ያህል ያረጀ መሆን እንዳለበት ትወስናለች። የሜካፕ ባለሙያዋ በአንድ ጠዋት ሠላሳ ዓመት ትጨምራለች። ሁሉንም የሚያያይዘው ኮንቲኒውቲ የሚከታተለው ሰው ነው። ከሳምንታት በፊት በተቀረጸው ትዕይንት ነጠላው በየትኛው ትከሻ ላይ ነበር? ስኒው ግማሽ ነበር ወይስ ሙሉ? ይህን መዝግቦ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ በሩን በሰማያዊ ሸሚዝ ከፍቶ በነጭ ሸሚዝ የሚገባ ሰው ሲኒማ ቤቱን ያስቀዋል።

ኃላፊነት ሲደበላለቅ የሚመጣው ጉዳት ግን ከሳቅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተባለ ፊልም ሲሠራ፣ ሲኒማቶግራፈሯ ሃሊና ሃቺንስ ለልምምድ ከተያዘ ሽጉጥ በወጣ እውነተኛ ጥይት ተመትታ ሞተች። የጦር መሣሪያ ኃላፊዋ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ 18 ወር ተፈረደባት፤ አንደኛው ረዳት ዳይሬክተርም ቀደም ብሎ ተከሶ ቅጣት ተቀብሏል። «ይህ መሣሪያ ባዶ ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ እርግጠኛ መላሽ ያስፈለገው ሰው እንዳይሞት ነው።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ፊልሙ በኤዲተሩ ክፍል እንደገና ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለወጣው «አፖካሊፕስ ናው» ከ230 ሰዓት በላይ ተቀርጾ፣ ተመልካች ፊት የቀረበው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ሁሉ የተጣለው በሚመርጥ ሰው ውሳኔ ነው። ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያዎች ይረከባሉ። በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ በነበረው በጃክ ፎሊ ስም የሚጠራው ሙያ የእግር ኮቴን፣ የልብስ ሹክሹክታን፣ የበር ሲጥታን ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ይሠራል። የሙዚቃ ደራሲውና የቀለም አስተካካዩም የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው ብዙ ሥራ መያዙ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ አርትዖቱን ሠርቶ፣ አከፋፋይ እምቢ ሲለው ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳይቷል። ይህን ያደረገው ሐሳቡን ለሌላ አሳልፎ ላለመስጠት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የተሸለመው ፊልሙ «ጤዛ» ካሜራው የማሪዮ ማሲኒ፣ ሙዚቃው የቪጃይ አየርና የጆርጋ መስፍን ነው። ሁሉን የመሥራት አቅም ያለው ሰው እንኳ የትኛውን ጥያቄ ለማን እንደሚተው ያውቃል።

የእኛ ፊልም ተዋናይ አጥቶ አያውቅም፤ ቴአትር ቤቶቻችን ሲያፈሩለት ኖረዋል። ድምፅ ቀራጭ፣ ኮንቲኒውቲ ተከታታይ፣ ረዳት ዳይሬክተርና የፎከስ ሠራተኛ የሚያፈራለት ተመሳሳይ መድረክ ግን አልነበረውም፤ ብዙ ጊዜ በጥሩ ታሪክ ላይ የማይሰማ ንግግር የምንታዘበውም ለዚህ ነው። ፊልም ውስጥ መግባት የምትመኙ ወጣቶች፣ በዳይሬክተርነትና በተዋናይነት በር ላይ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። የድምፁንና የኮንቲኒውቲውን በር አንኳኩ፤ ፊልማችን አጥብቆ የሚፈልጋችሁ እዚያ ነው። ፕሮዲውሰሮችም እነዚህን ሙያዎች በበጀታችሁ ላይ በስማቸው ጻፏቸው፤ ደመወዝ ያልተመደበለት ሙያ ባለቤት አያገኝም።