አንድ ጊዜ መናገር የሚበቃበት ቤት

በወንጀል መዝገብ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሁለት ስም አላት። በክስ ማመልከቻው ላይ «የግል ተበዳይ» ትባላለች፤ ችሎት ስትቀርብ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ትሆናለች። ከሳሹ መንግሥት ነው። እሷ የምትጠራው በገዛ አካሏ ላይ የደረሰውን ለማስረዳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ «ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ» ትባላለች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውም እንዲገለጽለት ያዛል። ይህ ሊከበር የሚገባው ድንጋጌ ነው። በዚያው ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ለተቀመጠችው ተበዳይ ግን ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ማን ሊረዳት እንደሚችል በዚያው ልክ እንዲነግራት የታዘዘ ሰው የለም። መብቶቿ በየሕጉ ተበታትነው ተጽፈዋል። የጠፋው ነጋሪ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ በአዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው የተቋቋመው የተቀናጀ አገልግሎት መስጫ ማዕከል ነው። የከተማው ሰው «ጋንዲ» ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ወሊድን ነው። ቦታው በደንብ የተመረጠ ይመስለኛል፤ የእናቶች ሆስፒታል በር የምትገባን ሴት ማንም ዞር ብሎ «ለምን መጣች?» አይላትም። ለማዕከሉ በአርአያነት የታዩት የደቡብ አፍሪካዎቹ የቱቱዜላ ማዕከላት ናቸው፤ ቃሉ በኾሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው። ከጋንዲ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክንና አዳማን በመሳሰሉ ሆስፒታሎችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው፣ መርማሪ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። የዚህን ትርጉም የሚረዳው የቀድሞውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። ተበዳይዋ መጀመሪያ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከጣቢያ የሕክምና ማስረጃ አምጪ ተብላ ደብዳቤ ይዛ ወደ ሆስፒታል፤ ከሆስፒታል ተመልሳ ወደ ጣቢያ፤ ከዚያም ወደ ዐቃቤ ሕግ። በየጠረጴዛው «እስቲ የሆነውን ንገሪኝ» ትባላለች። ቁስሉ በየጊዜው ከመነካቱም በላይ፣ አምስት ጊዜ የተነገረ ታሪክ አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ድንጋጤ ሰዓት ያሳስታል፣ ቅደም ተከተል ያዛባል። በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያነሣ የሚይዘው ይህችኑ ልዩነት ነው። ቃሏን አንድ ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው ፊት መስጠቷ እንግዲህ ለክብሯም ለክሱም ይጠቅማል።

በማዕከሉ ከሁሉ ቀድሞ የሚታሰበው ሰዓት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ይበልጣል። ስለዚህ ክስ ልመሥርት ወይስ አልመሥርት የሚለው ሐሳብ ሕክምናውን ሊያዘገየው አይገባም። ከተቻለ ሳይታጠቡ መምጣት፣ የለበሱትንም ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት መያዝ ለምርመራው ይረዳል፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ የመጣች ሴት ግን ሁሉ ነገር አበቃልኝ ማለት የለባትም። ሕክምናውም ምርመራውም በዚያ አይቀርም።

ከጥቃቱ እርግዝና ቢከተልስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአስገድዶ መድፈር የተፀነሰ እርግዝና በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ፣ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ልትባል አይገባም። ይህን የማታውቅ ስንት ልጅ ሕይወቷን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር በስውር ሞክራለች!

ወደ ፖሊስ ሥራ ስንመጣ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጥቂት ሰው የሚያውቃቸው ጠቃሚ ድንጋጌዎች አሉት። በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ መስፈር፣ ለአቅራቢው መነበብና መፈረም አለበት። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ፖሊሱ የቀረበለት አቤቱታ ቢያጠራጥረው እንኳ ምርመራውን የማካሄድ ግዴታ አለበት፤ «ይሄ ነገር አላሳመነኝም» ብሎ መመለስ አይችልም። አስገድዶ መድፈር ደግሞ በግል አቤቱታ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተለምኖ፣ «ልጅቷ ይቅር ብላለች» ቢባል ክሱ በዚያ አይቆምም። ሽምግልናችን ብዙ ደም ያደረቀ ባህል ነው፤ አከብረዋለሁ። በልጅ ላይ የደረሰን በደል በከብት ወይም በገንዘብ ለመሸፈን ሲውል ግን ራሱ በደል ይሆናል። የቀድሞው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ዘግቶታል።

ከሁሉ ይበልጥ ተረስቶ የሚቀረው ካሣ ነው። ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅር ይባልልኝ፤ ይህ ክፍል የተደፈረችውን ብቻ ሳይሆን የተደበደበውንም፣ ንብረቱ የጠፋበትንም ይመለከታል። ብዙ ሰው ካሣ ለመጠየቅ የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ዳኝነት ከፍሎ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ግድ ይመስለዋል። ሕጉ ግን አጭር መንገድ አለው፤ ተበዳዩ የወንጀሉ ችሎት ሲጀመር የጉዳቱን ዓይነትና የሚጠይቀውን ካሣ በጽሑፍ ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ዳኝነት አይከፍልበትም። ማመልከቻው ተቀባይነት ካገኘ ተበዳዩ ከምስክርነት አልፎ የክርክሩ ተካፋይ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ከወንጀሉ ጋር አላይም ቢል እንኳ ለብቻው በፍትሐ ብሔር የመክሰስ መብቱ አይነካም። በየጊዜው የሚያልፈው ግን ያ ችሎቱ የሚጀመርበት ቀን ነው፤ ለተበዳዩ የነገረው ሰው ስላልነበረ። ለዚያ ቀን ለመዘጋጀት የሕክምና ደረሰኙን፣ የትራንስፖርቱን፣ ከሥራ የቀረበትን ቀን ማስረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ወደ ቤቷ መመለስ የማትችል ሴት የት ታድራለች? የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አድራሻቸው በይፋ የማይነገር መጠለያዎች አሉት፤ ሴቶች ከነልጆቻቸው ይገቡባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ተበዳዩ ሕፃን ሲሆን ችሎቱም ይለወጣል። ለሕፃናት ተብሎ በተዘጋጀው አሠራር ልጁ ከችሎቱ አዳራሽ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ ዳኞቹ በካሜራ ያዩታል። ጥያቄው ከችሎት ሲመጣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማው አጠገቡ ያለችው ባለሙያ ናት፤ እሷም ለልጅ በሚገባ ቃል ለውጣ ቀስ ብላ ትጠይቀዋለች። ልጁ የሚያየው እሷን ነው። ተከሳሹን አያየውም።