ቃርና የረመዷን ጾም፦ መድኃኒቱን መቼ እንውሰድ?

ብዙዎቻችን ከደረት በታች የሚያቃጥለንን ሁሉ «ጨጓራ» እንለዋለን። ቃር ግን ከጨጓራ ቁስለት ይለያል። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ደረትን ያቃጥላል፣ አፍን ያኮመጥጣል፣ አንዳንዱንም ሌሊት ሲያስለው ያድራል።

በረመዷን የባሰበት ሰው ጥፋቱን በረሃቡ ላይ ያደርጋል። በእኛ እይታ ግን ዋናው ጣጣ አበላላችን ነው። በኢፍጧር ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጥብሱና ቡናው ባንዴ ይገባሉ፤ ተራዊሕ ላይ በሞላ ሆድ ሱጁድ ስንወርድ አሲዱ ይወጣል። ሱሑር በልተን ደግሞ ፈጅር እንደሰገድን እንተኛለን። ሐኪሞች የሚመክሩት ከበሉ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቆየትን ነው። ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ይህ ከባድ ነው። ቢያንስ ሱሑሩን ቀለል አድርጎ የአልጋውን ራስጌ ከሥር በጣውላ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርግ። ትራስ መደራረብ ወገብን ስለሚያጥፍ እምብዛም አይረዳም። በግራ ጎን መተኛት ይጠቅማል፤ በቀኝ መተኛት ሱና እንጂ ዋጂብ ስላልሆነ፣ ለሕመሙ ሲል በግራው የተኛ ወንጀል የለበትም።

ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠግቦ ከበላ በኋላ ይውጠዋል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ግን ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ለጿሚ ይህ እንዲያውም ይመቻል፦ በተምርና በውሃ አፍጥሮ እንክብሉን ይውጣል፣ መግሪብ ይሰግዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ማዕዱ ይቀርባል። የተለመደው ሕክምና ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጡን አንደግፍም።

ስለ ጾሙም እንጠየቃለን። አሲዱ ወደ ላይ ወጥቶ ሳንፈልግ ቢመለስ ጾም አይበላሽም። አፍ ከደረሰና መትፋት ከተቻለ ግን መትፋት ነው፤ አውቆ መልሶ መዋጥ ያበላሸዋል። ሐኪም ጾሙ እንደሚጎዳው የነገረው ሰው በሱረቱል በቀራ እንደተፈቀደለት ያፈጥርና በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል።

ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ደም የሚያስታውከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ዒድን አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ይታይ። ደረቱን ተጭኖት ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዘልቅ ሕመም የተሰማው ደግሞ፣ የልብ ሊሆን ስለሚችል፣ ቃር ነው ብሎ ሳይዘናጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።