የመንዝን በልግ የሚወስነው ሩቅ ባሕር

ጥር ተገባዶ የካቲት ሲብት፣ የመንዝና የግሼ ደጋ አርሶ አደር በማለዳ ደጅ ወጥቶ የሚመለከተው ሰማዩን ነው። ማሳው ታርሷል፤ የገብስ ዘሩም ተዘጋጅቷል። የቀረው ዝናቡ ነው። በልጉ ከሰመረ፣ የመኸሩ እህል ከጎተራ በሚያልቅበት በሰኔና በሐምሌ አዲስ ገብስ ይደርሳል። ከቀረ ግን ቤተሰቡ በግ እየሸጠ፣ ያለውን እያብቃቃ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ መቆየት ግድ ይሆንበታል። በከፍተኛው ደጋ የክረምቱ ሰብል በበረዶ፣ በውኃ መተኛት፣ በመጨረሻም በውርጭ ስለሚጠቃ በልግ ለብዙዎች ተጨማሪ ሳይሆን ዋና ምርት ነው።

ለመሆኑ ይህ ዝናብ ከወዴት ይመጣል?

መነሻው ባሕር ነው። ፀሐይ ባሕሩን ስታሞቀው ውኃው ይተናል። እርጥበት ያዘለው ሙቅ አየር ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና በድስት ክዳን ሥር እንዳለ እንፋሎት ጠብታ ሆኖ ደመና ይሠራል። እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። በአንድ ቦታ የወጣ አየር ደግሞ በሌላ ቦታ ይወርዳል፤ በሚወርድበት ሥፍራ ደመና አይጠነክርም። ስለዚህ የሚሞቀው የባሕር ክፍል ሲለወጥ ዝናብ የሚያገኘውና የሚያጣው አገርም ይለወጣል።

ለበልግ እርጥበት ከሚያቀብሉት መካከል ሕንድ ውቅያኖስና የአረቢያ ባሕር ዋነኞቹ ናቸው። በዚሁ ወቅት በማዳጋስካር አካባቢ፣ ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሞቀ ባሕር ላይ፣ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች ይነሣሉ። ኢትዮጵያዊው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆ ከፒየር ካምበርሊን ጋር እ.አ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ አውሎ ነፋሶች በተደጋገሙባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ እንደሚዳከም አሳይተዋል። አውሎ ነፋሱ እርጥቡን አየር ወደ ራሱ ስለሚስብ ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለው እርጥበት ይቀንሳል። ማዳጋስካርን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት መንዝ ሊደርቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

የክረምቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከመንዝ ወረድ ብሎ በሚገኘው የመርሐቤቴ ቆላና ወይና ደጋ ጤፍና ማሽላ የሚያበቅለው አርሶ አደር ተስፋው ክረምቱ ነው። ይህን ዝናብ ከሚያናጉት አንዱ ኤልኒኖ፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ ነው። ያን ጊዜ የአየሩ መውጫና መውረጃ ቦታ ስለሚዛባ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። በልጉ ሳይሰምር ቆይቶ፣ በብርቱ ኤልኒኖ የተነሣ ክረምቱም ከዳ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ወራት አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈለገው ወገን ቁጥር 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ኤልኒኖ ክረምቱን ቢጎዳም በብዙ አካባቢ በልጉን ሊያበረታ ይችላል። ተቃራኒው ላኒና ደግሞ ክረምቱን ያጠናክራል፤ በልጉን ግን ሊያሳንስ ይችላል። ይህም ዝንባሌ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም፤ የ2007ቱ በልግ ምስክር ነው።

ስለዚህ አርሶ አደሩም ሆነ የልማት ሠራተኛው «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» የሚለውን ወሬ ሰምቶ መወሰን የለበትም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ የሚሰጠው ለየብቻ ነው። ትንበያው ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመሆን ዕድሉን ይናገራል፤ ቁርጥ ያለ ቃል አይደለም። በልጉ ሊያንስ ይችላል ከተባለ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር መምረጥ፣ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አለመዝራት፣ ድርቆሽ ማስቀመጥና በጉ ሳይከሳ፣ ገበያውም ሳይወድቅ የተወሰነውን መሸጥ ይቻላል።

ባሕሩን ማዘዝ አይቻልም። ወሬውን ቀድሞ የሰማ ግን ቢያንስ የዘር እህሉን ያተርፋል።