በእጅ የተቆፈረ የግል ጉድጓድ ፈቃድ ባያስፈልገውም ውሃው የጥራት ደረጃውን ሊያሟላ ይገባል

በጅማ ዞን የቀርሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሰርቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከቧንቧ በተጨማሪ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ይውላል። በዚሁ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተጠኑት 237 ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ ያገኙ የነበሩት 43 ወይም 18.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተመረመሩት የውሃ ናሙናዎች በ80 በመቶው ከሰገራ የሚመጣ ብክለት ጠቋሚ የሆኑ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል፤ ጥበቃ ካልተደረገላቸው የውሃ መገኛዎች የተወሰዱት ደግሞ ሁሉም የተበከሉ ነበሩ። በአንጻሩ ከቧንቧ ውሃ ናሙናዎች ሁለት ሦስተኛው ከዚህ ብክለት ነጻ ሆኖ ተገኝቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባት፣ ውሃ ለማቅረብ ወይም ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። በእጅ ጉድጓድ መቆፈርና ከዚያ በሚገኝ ውሃ መጠቀም ግን ፈቃድ ከማያስፈልጋቸው ተግባራት መካከል ናቸው። በማሽን የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ በዚህ ልዩ ሁኔታ አይሸፈንም፤ ዝርዝሩም በደንብ ቁጥር 115/1997 ተመልክቷል።

ፈቃድ አለመጠየቁ ጉድጓዱን ከጥራት ኃላፊነት ነጻ አያደርገውም። እንዲያውም በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በፈቃድ ሂደት ስለማያልፍ፣ ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ መሆኑን የማረጋገጡ ድርሻ በዋናነት የባለቤቱ ይሆናል። ይህ ኃላፊነት ውሃውን ለተከራዮች፣ ለሻይ ቤትና ለምግብ ቤት ደንበኞች ወይም በቡና ለቀማ ወቅት ለሚመጡ ሠራተኞች በሚያቀርቡ ባለቤቶች ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጠጪው የውሃውን ሁኔታ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውምና።

ውሃው ምን ማሟላት አለበት?

የውሃ መጥራትና መጣፈጥ የንጽሕናው ማረጋገጫ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ መሠረት ባለቤቶች በቅድሚያ ሊያስመረምሯቸው ከሚገቡ መለኪያዎች መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• ኢ.ኮላይ፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ምንም ሊገኝ አይገባም፤
• ናይትሬት፦ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤
• ፍሎራይድ፦ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤
• የአሲድነት መጠን (ፒኤች)፦ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

በተጠቀሰው ጥናት ዝቅተኛው የፒኤች ልኬት 5.64 ነበር። እንዲህ ያለ አሲዳማ ውሃ የብረት ቧንቧንና ፓምፕን ሊበላ ስለሚችል ይህ መለኪያ ሊታለፍ አይገባም።

ናሙና የሚወሰደው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹህ ጠርሙስ እንጂ ቤት ባለ ጀሪካን አይደለም። የባክቴሪያ ምርመራ ናሙና በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ ይኖርበታል። የዝናብ ጎርፍ ቆሻሻን ወደ ጉድጓድ ስለሚያስገባ ምርመራው በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም እንዲደረግ ይመከራል።

ከምርመራው በፊት በባለቤቱ የሚደረግ ፍተሻ

1. መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን፣ በተዳፋት ላይም ከጉድጓዱ በላይ አለመሆኑን ማየት፤
2. የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ የተገነባና ክዳን ያለው፣ ዙሪያውም በሲሚንቶ የተለሰነና ውሃ የማያቁር መሆኑን ማረጋገጥ፤
3. በየቤቱ ባልዲና ገመድ ከመቅዳት ይልቅ የእጅ ፓምፕ ወይም አንድ ቋሚ መቅጃ መጠቀም፤
4. የከብት በረት፣ የቆሻሻ መጣያና የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወደ ጉድጓዱ እንዳይደርሱ ማድረግ፤
5. ውሃ የሚጠራቀምበትን ሮቶ በየጊዜው ማጠብና መክደን።

ውጤቱ ከደረጃው በታች ከሆነ

ኢ.ኮላይ ከተገኘ ተጠቃሚዎች ወዲያውኑ ሊነገራቸው ይገባል። ጉድጓዱ እስኪስተካከል ድረስም የመጠጥ ውሃ እስኪንተከተክ መፍላት ወይም እንደ «ውሃ አጋር» ባለ የቤት ውስጥ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መታከም አለበት። ጉድጓዱ በባለሙያ በክሎሪን ከታከመ በኋላ በድጋሚ ይመረመራል። ክሎሪን በደፈረሰ ውሃ ላይ በሚገባ ስለማይሠራ ውሃው አስቀድሞ መጥለል ይኖርበታል። የብክለቱ ምንጭ ሳይወገድ የሚደረግ ሕክምና ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ናይትሬት ከመጠን በላይ ከተገኘ ግን ማፍላትም ሆነ ክሎሪን አያስወግደውም፤ ማፍላት እንዲያውም ውሃው ሲተን ክምችቱን ይጨምራል። የሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ይህ ውሃ ለጨቅላ ሕፃናት ወተት ማዘጋጃ ፈጽሞ መዋል የለበትም። በዚህ ጊዜ ሌላ የውሃ አማራጭ መፈለግ ግድ ይላል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የግል ጉድጓድ ያላቸው የሰርቦና አካባቢዋ ነዋሪዎች ስለ ፈቃድ፣ ስለ ጉድጓድ ጥበቃና ስለ ውሃ ምርመራ መረጃ ለማግኘት በቅድሚያ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። ከውሃው ጋር የተያያዘ ሕመም ከተጠረጠረ ደግሞ ለጤና ጣቢያ ወይም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ይገባል። የምርመራ ውጤቶችንና ጉድጓዱ በክሎሪን የታከመባቸውን ቀናት መዝግቦ መያዝ ለባለቤቱም ሆነ ውሃውን ለሚጠጡ ሁሉ ተጨባጭ ዋስትና ነው።