የሮሐን ጠጅ አዳራሽ ከየት መጣ?

«የቀለበቶቹ ጌታ» ፊልም ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ በረዷማ ተራሮች መሀል አንድ ኮረብታ ብቻውን ቆሟል። ጫፉ ላይ ሳር ክዳን ያለው ትልቅ የእንጨት አዳራሽ አለ፤ በጣሪያው አናት ላይ ሁለት የፈረስ ራሶች ተጠላልፈዋል። የፈረሰኞቹ የሮሐን ሰዎች መናገሻ ኤዶራስ ናት። አዳራሹና ጥቂት ቤቶች ኒውዚላንድ ውስጥ ለፊልሙ ተሠሩ፣ ቀረጻው ሲያልቅ ፈረሱ። መልካቸው ግን ከጥንቷ እንግሊዝ የተቀዳ ነው።

መንገዱን የጠረገው የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ የሮሐንን ስሞችም ያወጣው ከዚያው ቋንቋ ነው። ቴዎደን ማለት ጌታ፣ ንጉሥ ማለት ነው። በኤዮመርና በኤዮዊን መጀመሪያ ላይ ያለው «ኤዮ» ፈረስ ነው። የአዳራሹ ስም ሜዱሴልድ ደግሞ ለእኛ አይከብድም፤ «ሜዱ» ከማር የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ ጠጅ በሉት። ንጉሥ ጭፍሮቹን የሚያበላበትና የሚያጠጣበት፣ አዝማሪ የሚያወድስበት አዳራሽ። የምኒልክን ግብር ሲተረክ የሰማ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ንድፍ አውጪዎቹ፣ በተለይ ሠዓሊዎቹ አለን ሊና ጆን ሃው፣ ስሙን ተከትለው ዕቃውን ፈለጉ። ዕቃው ደግሞ ከአፈር ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ሰተን ሁ በተባለ የምሥራቅ እንግሊዝ ስፍራ፣ በ7ኛው መቶ ዘመን ከነመርከቡ የተቀበረ ባለሥልጣን፣ ምናልባትም ንጉሥ፣ መቃብር ተገኘ። ከወርቁና ከሰይፉ ጋር በመቶዎች በሚቆጠር ስብርባሪ የወጣ የብረት የራስ ቁር ነበረበት። ተገጣጥሞ ሲታይ ፊት ይሸፍናል። ቅንድቡን፣ አፍንጫውንና ሪዙን አንድ ላይ ሲያዩአቸው ግን ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ ይሆናሉ። ጎበዝ አንጥረኛ ነው! በሮሐን የራስ ቁሮች ላይ ብልሃቱ ያው ነው፤ ዘንዶው ብቻ በፈረስ ተተክቷል። የጣሪያው ፈረሶችም ቢሆኑ ከባዶ አልመጡም፤ በሰሜን ጀርመን፣ በጥንቶቹ ሳክሶኖች አገር፣ በገበሬ ቤቶች ጣሪያ ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ፊልም ሠሪዎች ግን ደራሲው ያለውን ሁሉ አልተቀበሉም። ቶልኪን በ1958 በጻፈው ደብዳቤ ለሮሐን አለባበስ የጥንት ጦርነት የተጠለፈበትን የባዩን ጥልፍ፣ ለሌላዋ የታሪኩ አገር ለጎንደር ነገሥታት ደግሞ እንደ ግብፅ ያለ ረጅም ዘውድ ጠቁሞ ነበር። (ይህች ጎንደር የፋሲል አይደለችም።) በፊልሙ የጎንደር ንጉሥ የሚሆነው አራጎርን የሚደፋው ዘውድ ግን አጭር ነው። ረጅሙ፣ በእኔ ግምት፣ ተመልካቹን ያስቅ ነበር።

የሚገርመው ፈረሱ ነው። የጥንቶቹ እንግሊዞች በአብዛኛው የሚዋጉት በእግር ነበር። የባዩ ጥልፍ በሚያሳየው የ1066ቱ የሄስቲንግስ ጦርነት፣ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ቆመው ሳለ በፈረስ የመጡት ኖርማኖች አሸነፏቸው። በሮሐን ግን የተሸናፊዎቹን ቋንቋ የሚናገሩት ናቸው ፈረስ ላይ የተቀመጡት።